ለቀኝ ጆሮ የተሠራ ሙዚቃ

ስልክ ደውላችሁ «እባክዎ ይጠብቁ» ስትባሉ የምትሰሙት ሙዚቃ አንጀታችሁን ካሳረራችሁ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አልጠይቅም፤ መተዳደሪያዬ ነው። የሳሙና ማስታወቂያ፣ የቀለም ማስታወቂያ፣ ሊፍት ውስጥ የሚንቆረቆረው ለስላሳ ነገር፣ ሁሉም ከእኔ ቤት ይወጣል። ኮምፒውተሬ ውስጥ የሌለ መሣሪያ የለም። ቫዮሊኑ አለ፣ ዋሽንቱ አለ፣ መዘምራኑ ሳይቀሩ ቆመው ይጠብቁኛል። አብዛኞቹን ከጫንኳቸው ቀን ጀምሮ ነክቻቸው አላውቅም።

ወንድሜ ታላቄ ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ የማሽን ሠራተኛ ሆኖ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ግዙፍ ማሽን ጎን ቆሞ ኖሯል። የግራ ጆሮው ገና በወጣትነቱ በሕመም ሄደ። የቀኙን ደግሞ ማሽኑ ቀስ እያለ በላው። በልጅነቱ ሙዚቃ ስለማይቀንስ ሰፈሩ ያወጣለት ስም «ጩኸት» ነበር። አሁንም አንዳንድ ጎረቤት በዚያ ስም ይጠራዋል፤ እሱ ግን ዞር አይልም፣ አይሰማማ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሳለሁ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። እሱ በር አያንኳኳም። የማይሰማውን ነገር ሌላው ይሰማዋል ብሎ አያምንም መሰለኝ።

«ቀጠሮ ተሰጠኝ!» አለ። ሲያወራ ጎረቤት ቢሮ ያሉት ሁሉ ያዳምጣሉ። «ቀኙን ሊከፍቱት ነው። ውስጡ መሣሪያ ያስገቡልኛል።»

ፊት ለፊቱ ዞሬ፣ ከንፈሬን እንዲያይ ቀስ ብዬ «ደስ ይላል እኮ! ታዲያ ምን ሆንክ?» አልኩት። ፊቱ ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም።

ተቀመጠና ሐኪሙ ያሉትን ነገረኝ። መሣሪያው የሰው ንግግር ይመልስለታል። ስልክ ያነሳል፣ ሱቅ ሄዶ «ምን አልክ?» ሳይል ዕቃ ይገዛል። ነገር ግን ያቺ በቀኙ የቀረችው ጭላንጭል ከቀዶ ሕክምናው ጋር ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሁሉ በመሣሪያው በኩል ነው። ሙዚቃ ደግሞ በዚያ በኩል ሲመጣ እንደምናውቀው አይሆንም ብለዋል። የሚለምደው ሰው አለ፤ እስከ መጨረሻው ቆርቆሮ የሚመስለውም አለ።

«እና ከመግባቴ በፊት የእኛዋን ልስማት» አለ።

«የትኛዋን?»

«ስንት አለችን? የቅዳሜዋን ነዋ!»

«ካሴቷ እኮ የለችም።»

«አውቃለሁ። ሥሪያት» አለና በእጁ ክፍሉን፣ ስክሪኖቹን፣ እኔን ጭምር ጠረገን። «ግን በሳጥኗ ብቻ። ከዚህ ኮተትሽ አንድ ነገር እንዳትጨምሪባት!»

ሳጥኗ የምንላት እንጨትም ብረትም አይደለችም። ኮምፒውተር ላይ የምትከፈት ሲንተሳይዘር ናት። ስትከፍቷት ማዞሪያዎች የተደረደሩባት ግራጫ ሳጥን ስክሪኑ ላይ ትመጣለች። አንድ ሞገድ ትመርጣላችሁ፣ በማጣሪያ ትሞርዱታላችሁ፣ ታሳጥሩታላችሁ፣ ታወፍሩታላችሁ፤ ከምንም ተነስቶ ድምፅ ይሆናል። ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ዜማውም ከዚያችው ነው የሚወጣው።

ያገኘናት ወንድሜ ማተሚያ ቤት የተቀጠረ ሰሞን ነው። ድርጅቱ ሊጥለው የነበረ ኮምፒውተር በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ሳጥኗ አንድ መጽሔት ላይ በተለጠፈ ሲዲ ውስጥ ነበረች፤ የሙከራ ሆና። ሁሉን ነገር ታሠራለች፣ ማስቀመጥ ግን አይሆንላትም። ኮምፒውተሩ ከተዘጋ የሠራነው ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

ስለዚህ የራሳችን ደንብ ነበረን። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንጀምራለን፤ ሳይመሽ እንጨርሳለን። ስንጨርስ ሽቦ ስለሌለን ቴፑን ድምፅ ማጉያው ፊት ወንበር ላይ እናስቀምጥና በራሱ ማይክ እንቀዳለን። እኔ የቴፑ ኃላፊ ነበርኩ። ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኜ ትንፋሼን እውጣለሁ። እሱ ማውሱን ይዞ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ አንዱን ማዞሪያ ከፍ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል። ስንጨርስ ሁለታችንም እንደ ሯጭ እናለከልካለን።

ክፍላችን ከእማዬ የልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ናት። እማዬ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። መካከላችን ያለው የሳንቃ ግድግዳ ብቻ ነው። አዲስ ጨርቅና የስፌት መኪና ዘይት ይሸታል፤ የጠመኔዋ ብናኝ በሳንቃው ስንጥቅ ገብቶ ኪቦርዱ ላይ ያርፋል። ያን ክፍል ሳስበው ሆዴ ይባባል። አሁን የምሠራበት ክፍል ግድግዳው ድምፅ እንዳያስገባ ተለብጧል፣ ወንበሩ ይሽከረከራል፤ እዚያ ግን አንድ ርጩማ ላይ ለሁለት ተቀምጠን የነበረውን ደስታ እዚህ አግኝቼው አላውቅም።

ከሠራናቸው ሁሉ እውነትም የተሳካችው አንዷ ናት። ስም እንኳ አላወጣንላትም፤ «የቅዳሜዋ» ነበር የምንላት፣ ሌሎቹም የተሠሩት ቅዳሜ እንዳልሆነ ሁሉ። አንድ የሰፈራችን ታክሲ ነጂ ወደዳትና «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ወሰዳት፣ የመኪናው ቴፕ በላት። ክሯን ጠቅልሎ በፌስታል መለሰልን። ወንድሜ ያን ቀን እራት አልበላም።

ሳጥኗን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ሠሪዎቿ ከተዋት ቆይተዋል፤ ለፈለገ ሁሉ በነፃ ትታደላለች። ስከፍታት ያው ግራጫዋ መጣች። «የት ጠፍተሽ ነው?» ልላት ምንም አልቀረኝም።

ከበሮው ቀላል ነው። አንድ ወፍራም ሞገድ ይወሰድና ቁመቱ፣ ማለትም የድምፁ ቅጥነት፣ ባንዴ ከላይ ወደ ታች እንዲወድቅ ይደረጋል፤ «ዱብ» ይላል። ቤዙን እጄ ራሱ ያስታውሰው ነበር። ያቺን የምታለቅስ የምትመስለዋን ዜማም አገኘኋት፤ ወንድሜ ማጣሪያውን ቀስ እያደረገ ሲከፍተው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መስታወት ይንቀጠቀጥ የነበረበት ቦታ ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። እስከዚህ ጥሩ ሄደ።

የቸገረኝ አንድ ነገር ነው። ከሁሉ በላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የማያቋርጥ አንድ ፈጣን ድምፅ ነበር። ጭክጭክጭክጭክ የሚል። ሙዚቃዋን ሙዚቃ ያደረገው እሱ ነው። ሬዲዮ ጣቢያ ሲስት የሚያሰማውን ዓይነት ሹሹታ ከሳጥኗ አውጥቼ ቆረጥኩት፣ አቀጠንኩት፣ አደረቅኩት። የማንም ሙዚቃ ላይ ያለ ሲምባል ሆነ እንጂ የእኛን አልሆነም። በብረት ዓይነት ሞገድ ሞከርኩ። በደወል ዓይነት ሞከርኩ። ቀኖቹ እያለቁ ናቸው፤ ቀጠሮው ሰኞ ነው። ደግሞ ሌላም ነገር ነበረ። ሁሉም ድምፅ በቦታው ነው፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይመታል፣ ግን ነፍስ የለውም። ደሜ ፈላ። ለሳሙና ነፍስ የዘራሁ ሰው ለገዛ ወንድሜ አቃተኝ።

ያን ዕለት ኮምፒውተሬን አንጠልጥዬ እማዬ ጋ ሄድኩ። መፍትሔ ፍለጋ አይደለም፤ ሆድ ብሶኝ ነው። እማዬ መስፋት ካቆመች ቆይታለች። የእግር መኪናዋ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሳ፣ አናቷ ላይ የአበባ ማሰሮ ተሸክማ ቆማለች። ከፍቼ አሰማኋት። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ጥሩ ነው» አለች። እማዬ «ጥሩ ነው» ካለች መጥፎ ነው።

«እንዳታሽሞነሙኚኝ። ምን ጎደለው?»

«እኔ ነኛ!»

«አንቺ ምን?»

«እኔ ጎደልኩ። የእኔ መኪና የታለች? ያ የእናንተ ቴፕ እኮ ቤቱን እንዳለ ነው የሚቀዳው። አንዴማ ማስነጠሴን ቀድታችሁብኛል፣ ረሳሽው?»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ያን ሁሉ ቀን ሳጥኗ ውስጥ ስፈልገው የከረምኩት ድምፅ ከሳጥኗ ወጥቶ አያውቅም። የእማዬ መርፌ ነው። ከሳንቃው ማዶ፣ የልጆች ኮሌታ እየሰፋች።

«ታዲያ ከከበሮው ጋር እንዴት ልክክ ይላል? ዝም ብሎ የሚሰፋ ሰው እንደዚያ አይገጥምም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ! ዱብ ዱባችሁ በወለሉ አድርጎ እግሬ ውስጥ ይገባል። በራሴ አረጋገጥ ልስፋ ካልኩ ስፌቱ ይጣመምብኛል። ስለዚህ እከተላችኋለሁ። ስትፈጥኑ እፈጥናለሁ።»

«እኛ መቼ ፈጥነን እናውቃለን? ኮምፒውተር እኮ ነው፣ እንደተነገረው ነው የሚሄደው።»

«ኧረ ተይኝ ሚጣ! መጨረሻው ላይ እኮ ቁርጭምጭሚቴ እስኪቃጠል ነበር የምታስሮጡኝ። ስንት ኮሌታ ፈትቼ እንደገና የሰፋሁት በእናንተ ጦስ ነው!»

ለወንድሜ በስልክ መልዕክት ጻፍኩለት። «የቅዳሜዋን ስንቀዳ ፍጥነቱን ትነካካው ነበር እንዴ?» አልኩት። መልሱ ወዲያው መጣ። «አዎ። እማዬ መኪናዋን ስታፈጥን በማውስ ጨመር ጨመር አደርግ ነበር። እሷን ካልተከተልኩ ይፋለስብኝ ነበር።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት።

«ውሸታም!» አለች ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። «እሱ ነው የተከተለኝ? እኔ ነኝ እንጂ የተከተልኩት!»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ እሷም ሳቀች። ሳቃችን ሳያልቅ እንባዬ መጣ። ማንም አልመራም ነበር። እሱ የእሷን እግር ይሰማል፣ እሷ የእሱን ከበሮ ትሰማለች፣ እየተከታተሉ ሙዚቃዋን ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ሩጫ አስገቧት። እኔ መሀል ተቀምጬ ትንፋሼን ይዤ ነበር፣ ምንም አላወቅኩም።

እማዬ የአበባ ማሰሮውን አውርዳ፣ ጨርቁን ገፍፋ፣ መኪናዋን ዘይት ቀባቻት። አንድ አሮጌ አንሶላ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትሰፋልኝ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። መቅዳት እችል ነበር፤ ወንድሜ ግን በሳጥኗ ብቻ ብሏል፣ ቃል ቃል ነው። ሲሰማ አንድ ጭክ የሚመስለው ለካ ሦስት ነገር ነው። መርፌዋ ጨርቁን ስትወጋ፣ ብረቷ ስትመለስ፣ ቀበቶው ሲንሸራተት። ቤቴ ተመልሼ ሦስቱንም ከሳጥኗ አንድ በአንድ አወጣሁ፣ በጥቂቱ አራርቄ ደረደርኳቸው። ፍጥነቱ ሳያስታውቅ እንዲጨምር አደረግኩ። ተጫንኩት። ያቺው ናት! የዘይቱ ሽታ ሁሉ የመጣ መሰለኝ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ወንድሜና እማዬ አንድ ላይ መጡ። ድምፅ ማጉያው ፊት አስቀመጥኩት። ቀኝ ጆሮው ላይ የሚሰካትን የድሮዋን ማዳመጫ መሣሪያ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገ፣ መዳፉን ማጉያው ላይ አሳረፈ፣ ጀምሪ በሚል አገጩን ነቀነቀ።

ከበሮው ሲገባ ፈገግ አለ። ቤዙ ሲመጣ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ሙዚቃውን ሳይሆን እሱን ነበር የማዳምጠው። ሲያልቅ ዓይኑን ገልጦ ጠበቀ፤ ገና የቀረ ነገር እንዳለ።

«ቆንጆ ናት» አለ። «እማዬስ የታለች?»

«አለች እኮ! ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለች!» አልኩና መልሼ የመኪናውን ድምፅ ለብቻው ከፍቼ ለቀቅኩት። ጨመርኩ። እማዬ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። ወንድሜ እጁን ማጉያው ላይ እንዳደረገ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል።

«ምንም የለም» አለ።

እንዴት እንዳልታሰበኝ እስካሁን ይገርመኛል። ቀጭን ድምፅ ከሄደበት ቆይቷል። ወፍ አይሰማም፣ የስልክ ጥሪ አይሰማም። አውቃለሁ! ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ! ግን ስሠራ የከረምኩት ለራሴ ጆሮ ነበር። ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት።

«ምን ዓይነት ደደብ ነኝ! ነገ እኮ ነው! ነገ ጠዋት ነው የሚገባው!»

«አትጩኺ» አለች እማዬ። «አወፍሪው።»

«ምኑን?»

«ድምፁን ነዋ! ለእሱ ቀጠነበት አይደል? ልብስ ሲጠብ ባለቤቱን እቆርጥ ነበር እንዴ? ልብሱን ነው የማሰፋው።»

ትክ ብዬ አየኋት። ሳጥኗ አንድ ጥሩ ነገር አላት፤ ሁሉም ድምፅ ከአንድ ሊጥ ስለሆነ ቁመቱን የሚያወርደው ማዞሪያ ለሁሉም ይሠራል። የመኪናውን ድምፅ ያዝኩና አንድ ደረጃ አወረድኩት። መርፌው እንጨት የሚቆረቁር ጣት ሆነ። ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ፤ የለም። ሌላ ደረጃ አወረድኩት። በር የሚያንኳኳ ሰው ሆነ። አሁንም የለም። ከዚህ በታች ከወረደ መኪና መሆኑ ይቀራል ብዬ ፈርቻለሁ። ቢሆንም አወረድኩት። ማጣሪያውን ዘግቼ፣ ድምፁን አጠር አድርጌ፣ ከወለል በታች የሆነ ሰው ሲረግጥ የሚመስል ነገር ሆነ። ጫፉ ጠፍቷል። አረጋገጡ ግን አለ፤ አንዱ ጠንከር፣ ሁለቱ ላላ፣ ሁልጊዜ ትንሽ እንደተቻኮለ።

የወንድሜ መዳፍ ማጉያው ላይ ቀጥ አለ። ቀና ብሎ ወደ እማዬ ዞረ።

«እማዬ» አለ። ጮኾ አይደለም። ድሮ፣ ሁለቱም ጆሮው ሳለ ያወራበት በነበረው ድምፅ ነው። ያን ድምፁን ከሰማሁት ስንት ዘመኔ ነው!

የእማዬ እግር ወንበሩ ሥር እየረገጠ ነበር።

ከመጀመሪያው አስጀመርኩላቸው። ፍጥነቱ ሲጨምር ወንድሜ ወደ ፊት እያዘነበለ ሄደ፤ መጨረሻው ላይ ግንባሩ ማጉያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። አለቀ። ልደግምለት እጄን ስዘረጋ ያዘኝ።

«በቃ። ይበቃኛል።»

ከዚያ ከቀኝ ጆሮው መሣሪያውን አወጣ። የባትሪዋን ክዳን ከፍቶ ባትሪዋን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና ጣቶቼን አጠፋቸው።

«ከዚህ በኋላ ሌላ ነገር አልስማ» አለ። «በዚህች ጆሮ የመጨረሻዋ እሷ ትሁን።»

እማዬ «እራትስ» ብላ ጀመረች፣ አልጨረሰችውም፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ዘጋች። ብታናግረውም አይሰማም ነበር። ግን እኛም ዝም አልን። እማዬ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ስታስገባ እንኳ የምታወራ ሴት ናት፤ ያን ምሽት ሳህን ስታስቀምጥ ኮሽ እንዳይል ከሥሩ ጨርቅ አደረገች። በምልክት በላን፣ በምልክት ተሰነባበትን። በማግስቱ ጠዋት ስንሄድ ሬዲዮኑን ሊከፍት የነበረውን የታክሲ ሹፌር እማዬ እጁን መታ አድርጋ ከለከለችው።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ነርሷ ስሙን ጠራች። አልሰማም። ትከሻውን ነካሁት። ነርሷ ጮክ ብላ ልታስረዳው ስትጀምር እማዬ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እሽሽ» የሚል ምልክት ሰጠቻት። ነርሷ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? እኔም ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ።

ወንድሜ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። ፈርቷል። ፊቱን አውቀዋለሁ፣ ፈርቷል። ሰው ሁሉ እንዲህ ባለ ቦታ የሚላት አንዲት ቃል አለች፤ «አይዞህ»። ጉሮሮዬ ድረስ መጣች። በሕይወቴ አንድ ቃል እንደዚያ አቃጥሎኝ አያውቅም። አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እሱም አየኝ፣ ምን ልል እንደነበር አወቀና ሳቀ፣ ገባ።